የዐረቦች የሽቱ ቤትና የአባት ሙያ

ሽቱ በዐረቦች ዘንድ ለጌጥ ብቻ የሚቀቡት ነገር አይደለም። ሙሽራ ከመዳርዋ አስቀድሞ ልብሷና ጠጕርዋ በጢስ ይታጠናል፤ ሰው ዓርብ ቀን ወደ መስጊድ ከመሄዱ በፊት ገላውን ታጥቦ ጥሩ መዓዛ ያለው ዘይት ይቀባል፤ ሰው በሞተም ጊዜ በሚገነዝበት ሰዓት ካፉርና ሽቱ ይደረግለታል። በመካ ያለው ካዕባም በሚታጠብበት ቀን ከዘምዘም ውሃ ጋር የጽጌረዳ ውሃ ይቀላቀላል። እንግዲህ የሽቱ ሥራ የነጋዴ ገንዘብ ማግኛ ከመሆኑ አስቀድሞ የሃይማኖትና የጨዋነት ሥርዓት የነበረ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እንወዳለን።

እኛ ይህን ጽሑፍ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ለማቅረብ የተነሣንበት ምክንያት ከገዛ ቤታችን የመጣ ነው። አያታችን ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በመርካቶ አንዲት ጠባብ መደብር ከፍተው ዕጣን መሸጥ ጀመሩ፤ ከእርሳቸውም አባታችን ተቀበሉ፤ እኛም ልጆቻቸው፥ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እኅት፥ ከትምህርት ቤት በተመለስን ቍጥር ከዕጣኑ ውስጥ ቅርፊትና ጠጠር ስንለቅም አድገናል። አሁን አባታችን ሸምግለዋል። መደብሩን እንሽጠው የሚልና አንሸጠውም የሚል ክርክር በመካከላችን ከተነሣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ለንግድ ጕዳይ ሁለት ጊዜ ወደ ዱባይ ሄደን ነበርና፥ በዚያ ያየናቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርዱ የሽቱ ቤቶች ስለ ራሳችን ጕዳይ ብዙ እንድናስብ አደረጉን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዴራ በሚባለው በአሮጌው የዱባይ ክፍል፥ ከወርቁ ገበያ አጠገብ፥ የሽቱ ገበያ አለ። ሰው ወደ መንገዱ ከመግባቱ በፊት መዓዛው ወጥቶ ይቀበለዋል። መደብሮቹ አብዛኞቹ ጠባቦች ናቸው፤ ግድግዳቸው ግን ከላይ እስከ ታች በጠርሙስና በብልቃጥ የተሞላ ነው። እኛ የገባንበት ቤት ባለቤት አንድ ሸምገል ያሉ ሐጂ ነበሩ፤ ስማቸውን እንድናወጣላቸው አልጠየቁንምና አንጠቅሰውም። እርሳቸው በስተኋላ ባለው ወንበር ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ከሚዛኑ አጠገብ ቆሟል፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ደግሞ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ይወለውላል። በመደብሩ ውስጥ የምታገለግል አንዲት የወሎ ሴት ነበረችና በእርስዋ አስተርጓሚነት ተነጋገርን። ዋጋ ለመጠየቅ ስንቸኵል አይታ፥ «ጋሼ፥ ቡናውን ሳይቀምሱ ስለ ዋጋ የሚያነሣ ሰው ሐጂ አይወዱም፤ መጀመሪያ ይጠጡ» ብላ ገሠጸችን። ሄል የገባበትን ቡናቸውን ጠጣን።

ሐጂው የዕጣን ነጋዴዎች መሆናችንን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው በራ። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ ሣጥን አውጥተው፥ ከጥፍር የማትበልጥ የእንጨት ስባሪ በፍም ላይ አኖሩልን። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያም በኋላ ማርም፥ ቆዳም፥ አሮጌ ቤተ መጻሕፍትም የሚመስል ጢስ ቤቱን ሞላው። ይህ ዑድ የሚባለው ነው።

ስለዚህ እንጨት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የዐረቦቹ የሽቱ ቤቶች ሁሉ ክብር በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። ዑድ ማለት በዐረብኛ ቋንቋ እንጨት ማለት ነው። ዛፉ የሚበቅለው በዐረብ አገር አይደለም፤ ከሕንድ አገር ከአሳም ጀምሮ እስከ ካምቦዲያና እስከ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ድረስ ባለው ዝናባም ደን ነው። ጤናማው ዛፍ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ምንም ሽታ የለውም። ነገር ግን ቅርንጫፍ ሲሰበርበት ወይም ተባይ ሲበሳው፥ በቍስሉ በኩል ሻጋታ ይገባበታል። በዚያን ጊዜ ዛፉ ራሱን ለመጠበቅ ጥቁርና ከባድ ሙጫ በእንጨቱ ውስጥ ያፈልቃል። ይህ በብዙ ዓመታት የሚሆን ሥራ ነው። ከዚህ የተነሣ የታመመው ክፍል እየጠቈረና እየከበደ ይሄዳል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ዐይነት በውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ይሰምጣል። በዱር ካሉት ዛፎች ይህን የሚያፈሩት ጥቂቶቹ ብቻ ስለ ሆኑ፥ ቈራጮች አንዱን ለማግኘት ብዙውን ባዶ ዛፍ ይጥላሉ። ሐጂው ይህን ከነገሩን በኋላ «ያልቈሰለ ዛፍ አይሸትም» አሉን። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ነገር እጅግ ይደነቅ ነበር፤ እኛ ግን የዕጣን ልጆች ነንና፥ የኛም ዛፍ ካልተበጣ እንደማያለቅስ ነገርናቸው። ሳቁና ሁለተኛ ስባሪ ጨመሩልን።

ዘይቱን ለማውጣት እንጨቱ ይፈለጣል፥ ይወቀጣል፥ ለሳምንታትም በውሃ ተነክሮ ይሰነብታል፤ ከዚያም በኋላ በትልቅ ጋን እንደ አረቄ ይወጣል። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት እጅግ ጥቂት ነው። አዲሱ ዘይት ላልለመደው አፍንጫ የከብት በረት ይመስላል፤ ይህን ያለ ሐፍረት እንናገራለን፤ ከመካከላችን አንዱ ብልቃጡን ባሸተተ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ነበርና። ከዓመታት በኋላ ግን ያው ዘይት ይለዝባል፥ ይጣፍጣል። ስለዚህ የሽቱ ቤት ማለት መጠበቅ የሚችል ቤት ማለት ነው። አባት ያስቀመጠውን ልጅ ይሸጠዋል፤ ልጅም በፈንታው ለልጁ ያስቀምጣል። የሚሸጠው በቶላ ነው። ቶላ ከሕንድ አገር የመጣ ሚዛን ሲሆን፥ 11 ከግማሽ ግራም ያህል ነው።

አቀባቡም የራሱ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ዘይቱ በእጅ አንጓና ከጆሮ ኋላ ይቀባል፤ ቀጥሎ ልብሱ በጢስ ይታጠናል፤ በላዩም ሌላ ሽቱ ሊረጭበት ይችላል። ስለዚህ በዐረቦች ዘንድ ሁለት ሰዎች ከአንድ መደብር ቢገዙ እንኳ እኩል አይሸቱም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድብልቅ ይሠራል፤ ድብልቁን ሙኸለጥ ይሉታል። ዘይቱ ያለ አልኮል የሚሠራ መሆኑም በሃይማኖት ምክንያት ለብዙዎቹ ይመቻቸዋል። እንግዳ በመጣ ጊዜ ደግሞ በመጨረሻ ማጤሻው ይዞራል፤ እንግዳውም ጢሱን ወደ ጢሙና ወደ ልብሱ በእጁ ይስባል። «ከዑድ በኋላ መቀመጥ የለም» የሚል ምሳሌም አላቸው። ጢሱ ከዞረ እንግዳው ይነሣል ማለት ነው። እኛ አበሾች «ቡናውን ሦስተኛ ሳትጠጡ አትሄዱም» ብለን እንግዳን በማስቀመጥ እናከብራለን፤ እነርሱ ደግሞ መዓዛ አስይዘው በመሸኘት ያከብራሉ። የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ አንደፍርም፤ የቸኰለ እንግዳ ግን የእነርሱን እንደሚመርጥ እናውቃለን።

የሽቱ ጥበብ በዐረብኛ መጻሕፍት ከተጻፈ ረጅም ዘመን ሆኖታል። በዘጠነኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋ አል ኪንዲ ስለ ሽቱ አሠራርና ስለ ማንጠር አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በውስጡም ከመቶ የሚበልጡ የአሠራር ዐይነቶች አሉበት። የጽጌረዳን ውሃ በማንጠር ያወጣ የመጀመሪያው ሰው ኢብን ሲና ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ኢብን ሲና የተወለደው በ980 ነውና፥ አል ኪንዲ ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። እኛ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ ነቢዩ ሙሐመድ በስደት በአገራችን የነበረችውን ኡም ሐቢባን በወኪል ባጩ ጊዜ፥ ንጉሡ ነጃሺ ሚስቶቹ ያላቸውን ሽቱ ሁሉ ለሙሽራዪቱ እንዲሰጡ አዘዘ፤ ከመጣላትም ስጦታ መካከል ዑድ፥ አምበርና ብዙ ዝባድ ነበረበት። ዝባድ የሚለው ስም በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው። ሉባንጃ የምንለውም ስም ዐረቦች ሉባን ጃዊ፥ ማለት የጃዋ ዕጣን፥ ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በሐጂው መደብር ውስጥ ቃላቱ እንኳ እንግዳ አልሆኑብንም።

አንድ ነገር ግን አስገረመን። የሽቱ ቤቶቹ በማስታወቂያቸው ስለ ጥንት ቅርስ አብዝተው ይናገራሉ፤ ዕድሜያቸው ሲጠየቅ ግን በስም የታወቁት አብዛኞቹ ከሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በኋላ የተመሠረቱ ናቸው። በመካ የጀመረው የአብዱል ሰመድ አል ቁረሺ ቤት ከ1852 ጀምሮ እንዳለ ይናገራል። ከዚህ በቀር አጅማል የሚባለው በ1951፥ ስዊስ አረቢያን በ1974፥ ራሳሲ በ1979፥ አረቢያን ዑድ በ1982 ተጀመሩ። በኦማን ያለው አምዋጅ በ1983 የተመሠረተው ደግሞ በሱልጣኑ ፈቃድ እንጂ በነጋዴ ቤተ ሰብ አይደለም። እንግዲህ የጥንቱ ቅርስ የጥበቡ ነው እንጂ የድርጅቶቹ አይደለም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ለገዢ ይጠቅመዋል።

ከእነዚህም ሁሉ የአጅማል ቤት ታሪክ ለኛ ልብ የቀረበ ነው። መሥራቹ ሐጂ አጅማል ዓሊ ዐረብ አልነበሩም። ሆጃይ በምትባል በአሳም አገር ያሉ ገበሬ ነበሩ። የዑዱ ዛፍ በአገራቸው የሚበቅል በመሆኑ፥ ከእርሻ ወደዚህ ንግድ ገብተው ወደ ቦምባይ ወረዱ፤ በዚያም የዐረብ ነጋዴዎችን አገኙ። ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ንግዱን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች አስፋፉት፤ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዱባይ ሲሆን፥ ሦስተኛው ትውልድ በሥራው ላይ ነው። ራሳሲንም የመሠረተው ከሕንድ አገር የመጣ ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ የዐረብ ሽቱ የሚባለው በሠሪው ዘር ሳይሆን በለባሹ ጠባይ የተሰየመ መሆኑን ተረዳን። ከዚህም ሌላ፥ አንድ ገበሬ በጓሮው የሚበቅለውን ነገር ለሌላ ሰው በጥሬው አስረክቦ ከመመለስ ይልቅ፥ ራሱ አንጥሮ በራሱ ስም ሊሸጠው እንደሚችል አየን። ይህ ነገር በሆቴላችን ውስጥ እንቅልፍ ነሣን። የኛ አገር ዕጣን በጆንያ፥ ዝባዳችንም በበሬ ቀንድ እየታሸገ ስንት ዘመን ሙሉ ወደ ውጭ ወጣ! ስም ያለው የሽቱ ቤት ግን በመካከላችን አልተነሣም።

ለሐጂው «ልጅዎን ሥራውን እንዴት አስተማሩት?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ መለሱልን፤ ልጁ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጠርሙስ ይወለውል ነበር። በዚያን ጊዜ ምንም አልተነገረውም፤ አፍንጫው ብቻ ይማር ነበር። ቀጥሎ ዕቃ ማመላለስ፥ ቀጥሎም ሚዛን መያዝ ተፈቀደለት። ሚዛኑን ገዢው እያየ እንዲይዝ እንጂ ከጠረጴዛ በታች እንዳያወርድ ታዘዘ። የድብልቆቹን ምስጢር የሰጡት ግን ባገባ በዓመቱ ነው፤ እርሱም ሁሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ አንዱን ነው። «ለምን ካገባ በኋላ?» ብንላቸው፥ «ሚስት ያለው ሰው ሽቱ ለማን እንደሚሠራ ያውቃል» አሉን። ይህን ስትተረጕም አስተርጓሚያችን ሳቅዋን መያዝ አቃታት።

የወንዶቹን ነገር ብቻ ተናግረን እንዳናቆም፥ ይህች ሴት ያጫወተችንንም እንጨምራለን። በመደብር የሚሸጠው የወንዶች ሥራ ቢመስልም፥ በዐረቦች ቤት ውስጥ የሚታጠነውን ድብልቅ የሚሠሩት እናቶች ናቸው። የዑድ ዱቄት፥ ምስክ፥ አምበርና የጽጌረዳ ውሃ በስኳር ለውሰው፥ እንክብል እያደረጉ ያስቀምጡታል። አያት የሠራችው ከምራት አሠራር ይለያል፤ ከልጆቹም አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ የማን ቤት እንደ ሆነ በሽታው ያውቃል። ሴትዮዋ ወደ መደብሩ ከመምጣቷ በፊት በአንድ ቤት ውስጥ ስታገለግል ይህን ጥበብ ከአሮጊቷ እመቤት ተምራለች። በሐጂውም መደብር ዛሬ በእጅዋ የምትለውሰው እንክብል ከሁሉ አስቀድሞ ያልቃል። እኛም በዚያ ቆመን ሳለን እናታችን በአደስ የሚያነጥሩት የጠጕር ቅቤና የወይባው ጢስ ታወሰን። እናታችን ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። እኅታችን የቅቤውን ልክ ታውቃለች፤ የወይባውን ግን ከእርሳቸው በኋላ በቤታችን ያጤሰ የለም።

በዚህ ንግድ ውስጥ ማታለል ብዙ ነው። ርካሹ እንጨት ጥቁር ዘይት ተቀብቶ ዑድ ተብሎ ይሸጣል፤ ዘይቱም በሌላ ዘይት ይቀጥናል። ይህን ያየ አንድ ጓደኛችን በሌላ ገበያ ብዙ ገንዘብ ከስሯል። በፋብሪካ በኬሚስትሪ የሚሠሩ መዓዛዎችም ዛሬ በአብዛኛው ሽቱ ውስጥ አሉ። ሐጂው ይህን አልደበቁም፤ በዝቅተኛው መደርደሪያ ያለውን እያሳዩ፥ «ይህ የፋብሪካ ነው፤ ዋጋውም የፋብሪካ ነው» አሉን። በኛ አስተያየት የፋብሪካውን መዓዛ መሥራት ነውር የለበትም፤ ነውሩ በዛፉ ስም መሸጡ ነው። እንዲያውም ለአንዳንድ ፍጥረት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ባለ ውለታ ናቸው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባሉት ሊቅ የዝባድን መዓዛ የሚሰጠው ነገር ከምን እንደ ተሠራ በ1926 ዐወቁ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ካገኙበት ሥራ አንዱ ክፍል ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የዝባድን መዓዛ ያለ ጥርኝ መሥራት ይቻላል።

ሐጂው ከጅማ ወይም ከወለጋ ዝባድ እንድናመጣላቸው ጠይቀውን ነበር፤ እኛ ግን አልተቀበልንም። ጥርኝ ከዱር ተይዛ መዞር እንኳ በማትችልበት ጠባብ ቀፎ ውስጥ ትታሰራለች፤ በየዐሥር ቀኑ ገደማም ተይዛ ዝባዱ ከብልቷ ይፋቃል። ገበሬው ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው ሙያ መሆኑን እናውቃለን፤ የእናርያ ዝባድ በነገሥታቱ ዘመን ከወርቅ ጋር የሚጠራ ግብር እንደ ነበረም እናውቃለን። ቢሆንም የተወረሰ ነገር ሁሉ ይቀጥል ማለት አይገባም። ሐጂው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፥ «እንግዲያስ ዕጣን አምጡልኝ» አሉን።

የዕጣኑም ነገር ቢሆን ከሥጋት ነጻ አይደለም። የዑድ ዛፍ በመመናመኑ ምክንያት፥ ስለ ዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ አገሮች በተዋዋሉት ስምምነት መሠረት፥ የአሳሙ ዐይነት ከ1995፥ የቀሩት ዘመዶቹም ከ2005 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገሩ ተደርጓል። ዛሬ በብዙ ቦታ ዛፉ በእርሻ ይተከላል፤ በሰው እጅም እየተበሳ እንዲታመም ይደረጋል። የኛ ዕጣን ዛፍ ግን እስካሁን የሚገኘው ከዱር ነው ማለት ይቻላል። በትግራይ፥ በመተማና በቤንሻንጉል ባሉት ደረቅ ቆላዎች ቅርፊቱ በበጋ ወራት ብዙ ጊዜ እየተፋቀ ነጩ እንባ ይለቀማል። በ2019 ኔቸር ሰስቴነብሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው፥ በአገራችንና በጎረቤቶቻችን በተመረመሩት ደኖች አብዛኞቹ ውስጥ ወጣት ዛፍ አይገኝም፤ ከብት ቡቃያውን ይበላዋል፥ እሳት ያቃጥለዋል፥ አለልክ የተበጣውም ዛፍ ጢንዚዛ ይገባበታል። በዚህ ከቀጠለ ከሃያ ዓመት በኋላ የዕጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ተገምቷል። ይህን ጥናት ለአባታችን ባነበብንላቸው ጊዜ ብዙም አልደነቃቸውም። «ፍሬው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ መምጣቱን እኔ በወንፊቴ ዐውቄዋለሁ» አሉን።

ወደ ገዛ ቤታችን ነገር እንመለስ። ከዱባይ እንደ ተመለስን ታላቅ ወንድማችን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ዕጣኑን በጆንያ መሸጡን ትተን፥ ለይተንና አጥርተን፥ በትንሽ በትንሹ በማሸግ፥ የአያታችንን ስም ጽፈንበት እንድንሸጥ ነው። ታናሹ ደግሞ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ለመደብሩ ያቀረበልንን ከፍ ያለ ገንዘብ እያሰበ፥ ዛፉ እያለቀ ባለበት ዘመን በዕጣን ላይ ስም መጻፍ በሚፈርስ ቤት ላይ ቀለም እንደ መቀባት ነው አለ። እኅታችን ሁለቱንም ሰምታ ስታበቃ፥ «ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ከእናንተ የመተማውን ከትግራዩ በእጁ የሚለይ አለ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።

ነገሩም በእርግጥ ይህ ነበር። አባታችን አንዲት የዕጣን ፍሬ በጣታቸው አሽተው፥ ለብርሃን አቅርበው፥ ጥቂት ነክሰው፥ ከየት እንደ መጣችና በየትኛው የበጋ ወር እንደ ተለቀመች ይናገራሉ። ይህን የትም አልጻፉትም። ሐጂው ለልጃቸው በየጊዜው እየቈረሱ ያወረሱትን፥ አባታችን ለኛ አላወረሱንም፤ ትምህርታችንን እንዳያሰናክሉብን ሲሉ ነው። እኛን ለማስተማር የከፈሉት ገንዘብ ከዚያው ዕጣን የመጣ ሲሆን፥ ያስተማሩን ግን ከዕጣኑ እንድንርቅ ነበር። ብዙ አባቶች እንዲሁ አድርገዋል፤ በዚህም እንወቅሳቸው ዘንድ አንችልም።

ስም የመጻፉን ሐሳብ በነገርናቸው ጊዜ ግን ተቈጡ። «ዕጣን የእግዚአብሔር ነው፤ በጽና ላይ ሲጤስ ማን የሸጠው እንደ ሆነ አይጠየቅም። አባቴ ስማቸውን በሚዛናቸው ነው የጻፉት» አሉን። ታላቅ ወንድማችን፥ «አባባ፥ ሚዛኑን የሚያውቁት ደንበኞች እኮ እያለፉ ነው» አላቸው። ለብዙ ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያም ወደ እኅታችን ዘወር ብለው፥ «አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ። እነዚህ ሁለቱ አፍንጫ የላቸውም» አሉ።

ከጥምቀት ጀምሮ እኅታችን በየቅዳሜው ትሄዳለች፤ ዐሥር ዓመት የሆነው ልጅዋም ደብተር ይዞ ይከተላታል። አባታችን አምስት ክምር በሸማ ላይ ያኖሩና ዐይኗን ጨፍና በጣቷ እንድትለይ ያደርጓታል። እስካሁን የኦጋዴኑን ከሩቅ ታውቃለች፤ ሦስቱን አንዳንድ ጊዜ ትለያለች፤ አምስተኛው ገና አልተገለጠላትም። ልጁ ደግሞ አያቱ የሚሉትን ሁሉ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ደብተሩን አባታችን ሊቀሙት ነበር፤ አሁን ግን መነጽራቸውን አድርገው ያርሙለታል፤ ዕጣን የሚለውን በአልፋው አ በመጻፉ ከዕጣኑ ሽታ ይልቅ በፊደሉ ረዘም አድርገው ተቈጡት።

ለሐጂው የላክነው የመጀመሪያው ሠላሳ ኪሎ በእኅታችን እጅ የተለቀመ ነው፤ ሐጂው ተቀብለው ሁለተኛውን አዘዋል። ለስልክ ዕቃው ነጋዴ እስከ ፋሲካ ድረስ መልስ እንሰጥሃለን ብለነዋል። ታናሹ ወንድማችን ሐሳቡን አልለወጠም፤ ታላቁም ለማሸጊያው የሚሆን ወረቀት ዋጋ እየጠየቀ ነው። የመደብሩ ቁልፍ ግን ዛሬም በአባታችን ኪስ ውስጥ ነው።